በቆሻሻ ገንዘብ የቆመው የዳንበሪ የሆኪ ቡድን

የስፖርት ወሬ በተነሣ ቍጥር የሚወሳው የታላላቅ ከተሞችና የታላላቅ ቡድኖች ታሪክ ነው። ዋንጫ ያገኘ ቡድን ይወደሳል፤ ስሙም በመዝገብ ይጻፋል። ጥቂት ጊዜ ተጫውቶ የፈረሰ የትንሽ ከተማ ቡድን ግን ፈጥኖ ይረሳል። ሆኖም አጭሩ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ከረጅሙ የሚበልጥ ትምህርት ይዞ ይገኛል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በአሜሪካ አገር፣ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት፣ ዳንበሪ በምትባል ከተማ ከ2004 እስከ 2006 ድረስ ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ኖሮ ስለ ፈረሰ አንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን ለአንባቢዎቻችን ለማውጋት አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የባርኔጣ ከተማ

ዳንበሪ ከኒው ዮርክ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2000 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 75,000 ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን ስሟ የተጠራው በጨዋታ ሳይሆን በባርኔጣ ነው። ዛዶክ ቤኔዲክት የሚባል ሰው በ1780 ባርኔጣ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሄደ፤ በ1887ም በከተማዪቱ የነበሩት 30 ፋብሪካዎች በዓመት 5 ሚሊዮን ባርኔጣ ያወጡ ነበር። ከዚህም የተነሣ የዓለም የባርኔጣ ከተማ የሚል ስም ወጣላት።

ይሁን እንጂ ሙያው እንጀራ እንደ ሰጠ ሁሉ በሽታም ሰጥቷል። የጥንቸልንና የሌሎችን እንስሳት ጠጕር አጣብቀው ለባርኔጣ የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ለማድረግ ሠራተኞቹ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ይቀቡት ነበር። የሜርኩሪው እንፋሎት ወደ ሳንባቸው እየገባ እጃቸውንና እግራቸውን ያንቀጠቅጠው ስለ ነበር ሕዝቡ በሽታውን «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» ብሎ ሰይሞታል። ይህ አሠራር በአሜሪካ የባርኔጣ ፋብሪካዎች የቀረው በ1941 ነው። በኋላም ባርኔጣ ማድረግ ከወንዶች ልማድ እየቀረ በመሄዱ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻውም በ1980ዎቹ ዓመታት ደጁን ዘጋ።

ይህን የጥንት ታሪክ ያነሣንበት ምክንያት አለን። አንድ ያማረ ባርኔጣ በመስኮት ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ የሠራተኛው መንቀጥቀጥ አብሮ አይታይም። ገዢው የሚያየው የዕቃውን ውበትና በላዩ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ነው። የምናወራውም የሆኪ ቡድን እንደዚሁ ያለ የተሰወረ ዋጋ ነበረው።

ጨዋታው ምን ዐይነት ነው?

በእኛ በኩል የበረዶ ሆኪ ያየ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ አስቀድመን ጠባዩን ባጭሩ እንግለጽ። በገና በዓል ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጫፉ የተቈለመመ ዱላ ይዘው፣ ጥንጓን እየመቱ ሲሯሯጡ የተመለከተ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። ልዩነቱ መሬቱ ሣር መሆኑ ቀርቶ በረዶ መሆኑ ነው። ሜዳው 61 ሜትር ያህል ርዝመትና 26 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን ዙሪያው በጣውላና በመስተዋት የታጠረ ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው ይንሸራተታሉ። የሚመቱትም ነገር ኳስ ሳይሆን ከደረቅ ጎማ የተሠራ፣ እንደ ትንሽ ሙልሙል ዳቦ ጠፍጠፍ ያለ ክብ ነገር ነው፤ ስሙም ፓክ ይባላል። በአንድ ወገን ከግብ ጠባቂው ጋር ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ በሆነ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው።

ጥፋት የሠራ ተጫዋች እንደ ጥፋቱ መጠን ለሁለት ወይም ለአምስት ደቂቃ ከሜዳው ዳር በተለየ ስፍራ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ቡድኑም እስኪመለስ ድረስ ብዙውን ጊዜ በጐደለ ሰው ይጫወታል። በብዙ ሌሎች የቡድን ስፖርቶች ቡጢ የተማታ ተጫዋች ወዲያውኑ ከሜዳ ይባረራል። በሰሜን አሜሪካ የሆኪ ልማድ ግን ሁለት ሰዎች ጓንታቸውን ጥለው ሲደባደቡ ዳኞቹ ወዲያው ጣልቃ አይገቡም፤ ድብድቡ ሲበርድ ይገላግሏቸውና አምስት አምስት ደቂቃ ይቀጧቸዋል። ስለዚህም ብዙ ቡድኖች ጎል የሚያገባ ሰው ብቻ ሳይሆን ጓደኞቹን የሚጠብቅና ለድብድብ የሚወጣ ጉልበተኛ ሰው ጭምር ይቀጥሩ ነበር።

በዚያ አገር የሆኪ ማኅበራት በደረጃ የተከፈሉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ያለው በ1917 የተመሠረተው ናሽናል ሆኪ ሊግ ነው። ከእርሱ በታች በትንንሽ ከተሞች የሚጫወቱ አነስተኛ ማኅበራት አሉ። የእነዚህ ተጫዋቾች ደመወዛቸው ጥቂት ነው፤ ከከተማ ወደ ከተማም በአውቶቡስ ረጅም መንገድ እየተጓዙ ይጫወታሉ። ዩናይትድ ሆኪ ሊግ የሚባለው አንዱ እንደዚህ ያለ ማኅበር ነበር። በውስጡም እንደ ካላማዙ፣ ፍሊንት፣ መስኪጎንና ፎርት ዌይን ያሉ የፋብሪካ ከተሞች ቡድኖች ነበሩበት። በ2004 ዳንበሪ ወደዚህ ማኅበር ገባች።

አባትና ልጅ

ቡድኑን ያቋቋመው ጄምስ ጋላንቴ የሚባል የዳንበሪ ባለጸጋ ነው። ሀብቱ የመጣው ቆሻሻ ከማንሣት ሥራ ነበረ። የእርሱ መኪናዎች በምዕራብ ኮነቲከትና በአጎራባች የኒው ዮርክ ወረዳዎች ከየመደብሩና ከየቤቱ ጥራጊ እየሰበሰቡ ይወስዱ ነበር። ጋላንቴ በከተማው የታወቀ፣ እጁ ለመስጠት የሚዘረጋ ሰው ስለ ነበር ብዙ ወዳጆች ነበሩት።

ኤ. ጄ. የሚባል ልጁ የሆኪ ተጫዋች ለመሆን ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳት ደርሶበት ከመጫወት ቀረ። አባቱም ቡድን ገዝቶ ልጁን ፕሬዚዳንትና ዋና ሥራ አስኪያጅ አደረገው። ልጁ በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት ሲሆን ትምህርት ቤት ያለውን ትምህርት ገና መጨረሱ ነበር። እንግዲህ ተጫዋች የሚቀጥረው፣ የሚያሰናብተውና ስለ ደመወዝ የሚነጋገረው እርሱ ሆነ። ከእርሱ በዕድሜ ዐሥርና ከዚያም በላይ ዓመት የሚበልጡ፣ በብዙ ከተማ የተንከራተቱ ተጫዋቾች ለዚህ ጕብል ይታዘዙ ጀመር።

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። በዳንበሪም ይህንኑ የሚመስል ነገር የተናገረ ብዙ ሰው ነበር። ወጣቱ ግን በአንድ ነገር አዋቂዎቹን በለጣቸው፤ ይኸውም ተመልካች ምን እንደሚወድ ማወቁ ነው። በ1992 የወጣውንና ስለ ልጆች የሆኪ ቡድን የሚናገረውን «ማይቲ ደክስ» የተባለ ፊልም ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር። በቴሌቪዥን የሚታየውንም የነጻ ትግል ትርዒት፣ አንዱ ታጋይ ጻድቅ ሌላው ክፉ ሆኖ የሚቀርብበትን፣ በደንብ አጥንቶታል። ስለዚህ ቡድኑ ጨዋ ሳይሆን የሚፈራ፣ እንግዳ ቡድኖች የሚጠሉት፣ የአገሩ ሰው ግን የሚኰራበት እንዲሆን ፈለገ።

ስሙንም ከአባቱ ሥራ አወጣለት። በእንግሊዝኛ ጥራጊ ወይም ቆሻሻ «ትራሽ» ስለሚባል ቡድኑን «ዳንበሪ ትራሸርስ» አለው፤ ይህም «የጥራጊ ሰዎች» እንደ ማለት ነው። ምልክቱ ፊቱን ያኰሳተረ፣ የሆኪ ዱላ የያዘ የቆሻሻ በርሜል ሆነ። ሌላው ከተማ ንስርን ወይም አንበሳን ምልክት ሲያደርግ ዳንበሪ የቆሻሻ በርሜል በደረቷ ላይ ለጠፈች። ሰዉም ነገሩን እንደ ውርደት አልቈጠረውም፤ እየሣቀ ወደደው እንጂ። በባርኔጣ የተመካች ከተማ ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ በኋላ የሌላ ሰፈር ሰው በማያውቀው ቀልድ አንድ ሆነች።

በአዳራሹ ውስጥ

ቡድኑ የሚጫወትበት የዳንበሪ የበረዶ አዳራሽ ትንሽ ስለ ነበር ጋላንቴ መቀመጫ አስጨመረበት፤ 3,000 ያህልም ሰው የሚይዝ ሆነ። ለታላቅ ከተማ ይህ ቍጥር ከቍጥር አይገባም። በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ግን 3,000 ሰው ባንድ ድምፅ ሲጮኽ ጣራው የሚነሣ ይመስላል። ክፍል 102 በተባለው ስፍራ የሚቀመጡት ደጋፊዎች በተለይ የታወቁ ነበሩ። የእንግዳውን ቡድን ተጫዋቾች በስማቸው እየጠሩ ያበሽቋቸዋል፤ መስተዋቱን ይደበድባሉ፤ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ አይቀመጡም። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። በብርድ ወራት ፀሐይ በጊዜ በምትጠልቅበት አገር፣ ቅዳሜ ማታ የሚሄዱበት ሞቅ ያለ ቦታ በማግኘታቸው ብዙ ቤተ ሰቦች ተደሰቱ።

ለድብድብ ከተቀጠሩት ተጫዋቾች ስሙ ይበልጥ የታወቀው ብራድ ዊንግፊልድ ነው። ይህ ሰው በሜዳ ላይ የሚፈራ፣ ከአዳራሹ ውጭ ግን በከተማው የሚወደድ ሰው ሆነ።

ከዚህም ሌላ ቡድኑን የጠቀመው አንድ አጋጣሚ ተገኘ። በ2004 የናሽናል ሆኪ ሊግ ባለ ቡድኖችና ተጫዋቾች በደመወዝ ነገር ሳይስማሙ ቀሩ። ባለ ቡድኖቹ «እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ወሰን ይደረግበት» አሉ፤ ተጫዋቾቹ ይህን አንቀበልም አሉ። በዚህ ምክንያት የ2004 እና 2005 ውድድር በሞላው ሳይደረግ ቀረ፤ መሰረዙም በየካቲት 2005 በይፋ ተነገረ። ሥራ የፈቱት ታላላቅ ተጫዋቾችም ወደየትንንሹ ቡድን ተበተኑ። ከነዚህ አንዱ ማይክ ራፕ ነበር። ራፕ በ2003 ለኒው ጀርሲ ዴቭልስ ሲጫወት በመጨረሻው ጨዋታ ዋንጫውን ያስገኘውን ጎል ያገባ ሰው ነው። ያን ቀን ያሸነፉት ቡድን ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ በልጅነቱ በወደደው ፊልም ስም የተጠራው የአናሃይም ማይቲ ደክስ መሆኑ የሚያስገርም ነው። እንዲህ ያለ ሰው የቆሻሻ በርሜል ያለበትን ሹራብ ለብሶ በዳንበሪ በረዶ ላይ ሲታይ ለከተማው ሰው እንደ ሕልም ነበር።

የደመወዝ ወሰን

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። የትንሽ ከተማ ቡድን እንደዚህ ያሉትን ተጫዋቾች በምን ገንዘብ ቀጠረ?

ዩናይትድ ሆኪ ሊግ ከብዙ ጊዜ በፊት በራሱ በኩል የደመወዝ ወሰን አድርጎ ነበር። አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው 275,000 ዶላር ነበር። ይህ ደንብ የወጣው ሀብታሙን ለማስቀናት አይደለም። ከማኅበሩ ውስጥ አንዱ ባለጸጋ ገንዘቡን እንደ ልቡ ቢያፈስ ጥሩ ተጫዋቾች ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳሉ፤ የድኻው ከተማ ቡድን ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ተመልካች ያጣል፤ በመጨረሻም ይዘጋል። ቡድኖች እየተዘጉ ከሄዱም ባለጸጋው ራሱ የሚጫወትበት ባላጋራ አያገኝም። በአገራችን ወሰን የሚለው ቃል የገበሬውን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ የሚለይ ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ የደመወዝም ወሰን የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። ድንበር ገፊ ሰው መሬቱ የሰፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጎረቤት ያጣል።

ጋላንቴ ወሰኑን በስውር አለፈው። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ ደንቡን የጠበቀ ሆኖ፣ ከዚያ የሚበልጠው ገንዘብ በሌላ በር ይሰጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ወይም ሚስቶቻቸው በቆሻሻ ማንሻ ድርጅቶቹ ውስጥ እንደ ተቀጠሩ ተደርጎ ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ይገባል፤ ሥራ ሳይሠሩም ገንዘብ ይቀበላሉ። በዚህ መንገድ ቡድኑ ለተጫዋቾቹ ያወጣው ገንዘብ ከተፈቀደው ወሰን ከሁለት ዕጥፍ በላይ እንደ ነበር ዐቃብያነ ሕግ በኋላ ገልጠዋል። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት፤ ታላቁ ሊግ ስለ ደመወዝ ወሰን ተጣልቶ በተዘጋበት ዓመት፣ ከዚያ የመጡት ተጫዋቾች የተሰለፉበት ትንሽ ቡድን የራሱን ማኅበር ወሰን እየሰበረ ይጫወት ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

የቆሻሻው ንግድ ራሱ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በማኅበሩ ደንብ ብቻ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን አልነበረም። በዚያ አካባቢ ቆሻሻ የሚያነሡ ነጋዴዎች በመካከላቸው የምስጢር ስምምነት ነበራቸው። አንድ መደብር ወይም አንድ ምግብ ቤት የአንዱ ነጋዴ ደንበኛ ከሆነ ሌላው ነጋዴ አይነካበትም። ደንበኛው ዋጋ በዛብኝ ብሎ ሌላ ነጋዴ ቢጠይቅ ሁለተኛው ወይ እንቢ ይለዋል፣ ወይም ሆን ብሎ ከፊተኛው የሚበልጥ ዋጋ ይነግረዋል። ስለዚህ ደንበኛው ወዶ ሳይሆን አማራጭ አጥቶ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። ውድድር በሌለበት ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም።

ይህን ስምምነት የሚያስጠብቀው የማፊያ ጉልበት ነበር። ማፊያ ማለት በማስፈራራትና በምስጢር የሚሠራ የወንጀለኞች ማኅበር ነው። በኒው ዮርክ ጄኖቬዜ በሚባለው የማፊያ ቤተ ሰብ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የነበረው ማቲው ኢያኒዬሎ፣ በቅጽል ስሙ «ፈረሱ» የሚባለው ሽማግሌ፣ ከጋላንቴ በየሦስት ወሩ 30,000 ዶላር ይቀበል ነበር። ይህም በዓመት 120,000 ዶላር መሆኑ ነው። ሕዝብ ለመንግሥቱ ግብር ሲከፍል ትምህርት ቤትና መንገድ ያገኝበታል፤ ይህ ግብር ግን የሚያስገኘው የተፎካካሪ ነጋዴን አፍ መዝጋት ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እናስብ። በዳንበሪ ትንሽ ምግብ ቤት ያለው ሰው ቅዳሜ ማታ ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሆኪው አዳራሽ ይሄዳል። ሦስት ቲኬት ይገዛል፤ ልጆቹ በርሜል የተሣለበትን ሹራብ ለብሰው ይጮኻሉ፤ እርሱም ከልቡ ደስ ይለዋል። ሰኞ ጧት የቆሻሻው ሒሳብ ይመጣለታል። ሒሳቡ ከሚገባው በላይ መሆኑን ቢጠረጥርም የሚሄድበት ሌላ ሰው የለውምና ይከፍላል። ቅዳሜ ያጨበጨበለት ተጫዋች ደመወዝ የተከፈለው ሰኞ ከተወሰደበት ትርፍ ገንዘብ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ትርዒት ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ አንደኛውን እያወቀ፣ ሁለተኛውን ሳያውቅ።

የቡድኑ መጨረሻ

በሐምሌ ወር 2005 የፌዴራል ፖሊሶች የጋላንቴን መሥሪያ ቤቶች በረበሩ። ቡድኑ ግን ወዲያው አልፈረሰም። ሁለተኛው የውድድር ዘመን በጥርጣሬ ደመና ሥር ተጀመረ፤ ደጋፊዎቹም ከበፊቱ ይልቅ ጮኹ። የሚያስደንቀው ቡድኑ በዚህ ዘመን ከሁሉ የተሻለውን ውጤት ማግኘቱ ነው። በ2006 እስከ መጨረሻው የዋንጫ ግጥሚያ ድረስ ደርሶ በካላማዙ ዊንግስ ተሸነፈ። ዋንጫው ለጥቂት አመለጠው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቈይ፣ በሰኔ ወር 2006፣ ጋላንቴና ሌሎች ሰዎች ተያዙ። የተከሰሱት 29 ሰዎችና 10 ድርጅቶች ነበሩ፤ ጋላንቴ ብቻውን 72 ክስ ቀረበበት። ቡድኑም በዚያው ወቅት ፈረሰ። ተጫዋቾቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ተበተኑ፤ ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ በ19 ዓመቱ ሥራውንም አባቱንም አጣ። በእርሱ ላይ ግን ክስ አልቀረበበትም።

ጋላንቴ በ2008 ጥፋተኛነቱን አመነ። ካመነባቸው ነገሮች አንዱ ከወንጀለኞች ማኅበር ጋር ማደሙ፣ ሁለተኛው የግብር መሥሪያ ቤቱን ማታለሉ ነው። ሦስተኛው የሆኪውን ነገር የሚመለከት ነበር፤ ይኸውም የደመወዙን ወሰን በስውር በማለፍ የሆኪውን ማኅበር ማታለሉ ነው። ብዙ ሰዎች «የጨዋታ ደንብ ቢጣስ ምን አለበት?» ይላሉ። ፍርድ ቤቱ ፊት ግን ለጨዋታ ማኅበር የቀረበ የሐሰት መዝገብ እንደማናቸውም የሐሰት መዝገብ ተቈጠረ። የተፈረደበትም 87 ወር፣ ማለት ሰባት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ነው። ዋጋቸው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚገመቱት የቆሻሻ ድርጅቶቹ ለመንግሥት ተወረሱ፤ ከዚህ በኋላም በቆሻሻ ንግድ እንዳይሠራ ተከለከለ። ኢያኒዬሎም አስቀድሞ ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበት ነበር።

ዩናይትድ ሆኪ ሊግ ራሱም ዕድሜው ረጅም አልሆነም። በ2007 ስሙን ለውጦ ኢንተርናሽናል ሆኪ ሊግ ተባለ፤ በ2010ም ፈረሰ። ያፈረሰው የዳንበሪ ጥፋት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የትንንሽ ከተሞች ሆኪ ሁልጊዜም ገንዘብ የሚያንሰው ነው። ነገር ግን ወሰን የተሠራው እንዲህ ያሉትን ድኻ ቡድኖች ለመጠበቅ እንደ ሆነ መርሳት አይገባም።

ፍቅሩስ ሐሰት ነበረን?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደረስን። የዳንበሪ ሰዎች ይህን ቡድን አልጠሉትም። ክሱ ከተሰማ በኋላም፣ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም፣ ሹራቡን ለብሰው የሚሄዱ ብዙዎች ነበሩ። በ2021 ስለ ቡድኑ የተሠራ ፊልም ሲወጣ አባትም ልጅም በፊልሙ ውስጥ ቀርበው ተናገሩ፤ የቆሻሻ በርሜሉም ምልክት ዳንበሪን አይቶ በማያውቅ ሰው ዘንድ ሳይቀር ታወቀ። ገንዘቡ የተበላሸ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንዲህ ያለ ፍቅር እንዴት ይቀራል?

እኛ እንደሚመስለን ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ልጁን በትከሻው ተሸክሞ የጮኸው አባት አላስመሰለም። በብርድ ማታ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ተቃቅፎ የዘለለው ሰው ደስታውን ከማንም አልሰረቀም። ልጁን ለማስደሰት ቡድን የገዛው አባትም ለልጁ የነበረው ፍቅር የታመነ ነው። ስሕተቱ የልጅን ደስታ በሰው ኪስ መግዛቱ ላይ ነው። አባት ለልጁ ስጦታ ሲያደርግ ዋጋውን ጎረቤት ሳያውቅ እንዲከፍል ካደረገ፣ ስጦታው ያማረ ቢሆንም ስጦታ መሆኑ ይቀራል። ልጁም የሠራውን መልካም ሥራ ሁሉ፣ ስሙን ያወጣበትን ብልኀት፣ አዳራሹን የሞላበትን ጥበብ፣ ሰዎች ከወንጀሉ ለይተው እንዳያዩለት ሆነ። ወላጅ ለልጁ ሊያወርሰው ከሚችለው ዕዳ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

መሥሪያ ቤት የያዙ አንባቢዎቻችንም ከዚህ የሚያገኙት ነገር አለ። የሐሰት መዝገብ ሁልጊዜ በክፉ ሰው ፊት አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሕዝብ በሚወደው ነገር ተሸፍኖ፣ በለጋስ ሰው እጅ፣ ሁሉም በሚያጨበጭብበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት «ይህ የሚከፈለው ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደስታ አደፍራሽ ይባላል። ሆኖም ጥያቄው በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ቡድኑ ምናልባት አነስ ብሎ፣ የሚቀጥራቸውም ተጫዋቾች ያልታወቁ ሆነው፣ ነገር ግን ለብዙ ዓመት በኖረ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ነገሩ መጥራቱ አልቀረም፤ የጠራው ግን ከተማዋ ቡድኗን ከአጣች በኋላ ሆነ።

ይህም ሆኖ የዳንበሪ አዳራሽ ጨርሶ አልተዘጋም። ከትራሸርስ በኋላ በየጊዜው ሌሎች ቡድኖች ተቋቁመውበት አንዳንዶቹም ፈርሰዋል። በ2019 የተቋቋመው ቡድን «ዳንበሪ ሃት ትሪክስ» ተባለ። በሆኪ ጨዋታ አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ሦስት ጎል ሲያገባ ተመልካቾች ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ በረዶው ይወረውራሉ፤ ይህም ነገር «ሃት ትሪክ»፣ ማለት የባርኔጣ ጨዋታ ይባላል። ከተማዋ በዚህ ስም የአባቶቿን ሙያ ከአዲሱ ጨዋታ ጋር አገናኘች። ይኸው ቡድን በ2023 የማኅበሩን ዋንጫ አገኘ። በ2006 ለጥቂት ያመለጠው ደስታ ከ17 ዓመት በኋላ በሌላ ስም ወደዚያው አዳራሽ ገባ፤ በዚያን ጊዜ በአባታቸው ትከሻ ላይ የነበሩት ልጆች የራሳቸውን ልጆች ይዘው ለመምጣት የሚበቁ ሰዎች ሆነው ነበር።